ጎራዳ ኮረብታ፣ ጎራዳ አፈር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ እንጅባራን ያለፈ መንገደኛ፣ ዳንግላ ከመድረሱ በፊት አዲስ ቅዳምን ያገኛል። አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባለው አገር ዓይኑን በመስኮት ወደ ውጭ የጣለ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ከሜዳው ላይ ብድግ ብለው የቆሙ አንዳንድ ኮረብታዎች እንደ ሾጣጣ ተነሥተው፣ ሹል ጫፍ ሊያወጡ ሲሉ ድንገት ያቆማሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ ወይም ጎድጎድ ያለ ነው። አንድ ግዙፍ ሰው በማጭድ ጎምዷቸው የሄደ ይመስላል።

ማን ቆረጣቸው? አብዛኞቻችን ሳናስብ የምንሰጠው መልስ “ዝናብና ጎርፍ ነዋ!” የሚል ነው። ይህ መልስ ለእነዚህ ኮረብታዎች ትክክል አይደለም። የሚገርመው ግን ጎርፍ በእርግጥ የቆረጠው ሌላ ነገር እዚያው ተዳፋቱ ላይ መኖሩ ነው። እሱን ግን ከመኪና መስኮት ሆኖ ማየት አይቻልም።

እነዚህን ሁለት “ቁርጦች” መለየት የጂኦግራፊ ተማሪዎች የቤት ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓምድ ባልሞላሁበት ነበር። ጉዳዩ የእርሻ ነው፤ የሕግ ነው፤ ሲብስም የእንጀራ ነው። ከቀላሉ ከጂኦሜትሪው እንጀምር።

የጂኦሜትሪው ጎራዳ

አንድ ሾጣጣ ውሰዱ። ጫፉን ከመሠረቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ቁረጡና ጣሉት። የቀረው ቅርጽ በሒሳብ መጻሕፍት “ፍረስተም” ይባላል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ቁራጭ ማለት ነው። በአማርኛችን ያጠረ አፍንጫን “ጎራዳ” እንደምንለው ሁሉ ይህንንም ጎራዳ ሾጣጣ ብንለው የሚከፋ ያለ አይመስለኝም። ቅርጹ እንግዳ አይደለም። ውኃ የምንቀዳበት ባልዲ የተገለበጠ ጎራዳ ሾጣጣ ነው። መሠረቱ አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ጎራዳ ፒራሚድ ይሆናል።

የዚህን ቅርጽ ይዘት ማስላት የቆየ ጥበብ ነው። በግብፅ አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ገደማ እንደተጻፈ የሚገመት፣ ዛሬ ሞስኮ ውስጥ የሚገኝ አንድ የፓፒረስ ጽሑፍ አለ። በውስጡ ካሉት ጥያቄዎች 14ኛው ስለ ጎራዳ ፒራሚድ ነው። ቁመቱ 6፣ የታችኛው ጎኑ 4፣ የላይኛው ጎኑ 2 ቢሆን ይዘቱ ስንት ነው? ጸሐፊው 4 ጊዜ 4፣ 4 ጊዜ 2፣ 2 ጊዜ 2 ብሎ 16፣ 8 እና 4 ያገኛል። ሦስቱን ሲደምር 28 ይሆንለታል። ይህን በቁመቱ ሲሶ፣ ማለትም በ2 አባዝቶ 56 ላይ ይደርሳል። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ቀመር ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ይህንን ወደ ኮረብታ እናምጣው። ለምሳሌ ያህል የግርጌው ሬዲየስ 400 ሜትር፣ የአናቱ ሬዲየስ 100 ሜትር፣ ከፍታው 180 ሜትር የሆነ ጎራዳ ኮረብታ እናስብ። ጎኑ በ300 ሜትር አግድም ርቀት 180 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ጎኑ በዚያው ልክ ሽቅብ ቢቀጥል ኖሮ 240 ሜትር ላይ ሹል ሆኖ ይገናኝ ነበር። ስለዚህ የጎደለው 60 ሜትር ነው፤ ይኸውም የሙሉው ከፍታ ሩብ ነው። የጎደለው ይዘትስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በከፍታም በስፋትም የትልቁ ሩብ የሆነ ሾጣጣ ይዘቱ የትልቁ 1/64ኛ ብቻ ነው። ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ የጎኑን ተዳፋት ካወቅን የጎደለውን ማስላት እንችላለን። ሁለተኛ፣ ከላይ የተቆረጠ ነገር ለዓይን ብዙ መስሎ በመጠን ጥቂት ሊሆን ይችላል። ይህቺን ሁለተኛዋን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ተገልብጣ ትመጣለችና።

ጂኦሜትሪ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ግን አለ። ጫፉ መጀመሪያውኑ ነበረ ወይ? የሕግ ሰዎች ንብረት ጠፋ የሚል ክስ ሲቀርብልን ማን ወሰደው ከማለታችን በፊት ንብረቱ መኖሩ እንዲረጋገጥ እንጠይቃለን። በኮረብታዎቹም ላይ ይኸው ሥርዓት ይሠራል።

ሲወለድም ጎራዳ የሆነው

የእንጅባራና የዳንግላ አካባቢ በጂኦሎጂ አቆጣጠር ገና ወጣት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የለበሰ አገር ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ሾጣጣ ኮረብታዎች የተሠሩት የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ በጋዝ ኃይል እየተረጨ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የተረጨው ድንጋይ በአየር ላይ ይቀዘቅዝና ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀላል፣ ቀይ ወይም ጥቁር ኮረት ሆኖ በአፉ ዙሪያ ይወድቃል። ይህ ለመንገድ ሥራ በየቦታው የሚቆፈረው ድንጋይ ነው።

አውድማ ላይ እህል ሲፈስ ክምሩ ከአንድ መጠን በላይ አይቀጥንም። አናቱ ላይ ቢጨመርበት ወደ ጎን ይናዳል። የእሳተ ገሞራው ኮረትም እንዲሁ ነው። ክምሩ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ በሚሆን ተዳፋት ላይ ሲደርስ መቆሚያውን ያገኛል። ልዩነቱ፣ እህሉ ከላይ ሲፈስ ኮረቱ ከሥር እየወጣ መሆኑ ነው። መውጫው መሀል ላይ ስለሆነ እዚያ የሚከመር ነገር አይኖርም። ክምሩ እንደ ቀለበት በዙሪያው ያድጋል፤ መሀሉ ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ኮረብታው ሲወለድም ጎራዳ ነው። የተቆረጠ ጫፍ የለውም፤ ሹል ጫፍ ኖሮት አያውቅምና።

ዝናብና ጎርፍ ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ከምናስበው የተለየ ነው። ጎኑን ያለዝባሉ፤ የአናቱን ጉድጓድ በደለል ይሞላሉ፤ አንዳንዴም ጠርዙን በአንድ በኩል ይሸነቁሩታል። ኮረብታው ባረጀ ቁጥር ዝቅ ያለና የተለሳለሰ ይሆናል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ቅርጽ ሩቅ አይደለም። ከእንጅባራ በስተደቡብ ከአውራ ጎዳናው ዳር የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። የሐይቁ ገንዳ ወደ ላይ የተከመረ ሳይሆን ወደ ታች የተቦረቦረ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ባልዲውን ቀና አድርጋችሁ ውኃ ሙሉበት እንደማለት ነው።

ጎኑ የተበላው

“አናቱ የተቆረጠ ተራራ” ሲባል የኢትዮጵያ ሰው ፊት የሚመጣው አምባ ነው። መቅደላን፣ አምባ ግሸንን፣ ደብረ ዳሞን ያስታውሷል። ላያቸው ገበታ የመሰለ ሜዳ፣ ጎናቸው ገደል። ይህን ቅርጽ የሠራው በእርግጥ የውኃ መሸርሸር ነው። ግን ምኑን ነው የሸረሸረው?

ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከመሬት ስንጥቆች የወጣ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ውኃ እየፈሰሰ፣ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው በላዩ እየተነጠፈ፣ ሰፊ አገር ሸፈነ። ንጣፎቹ እኩል ጥንካሬ የላቸውም። ወንዞች ይህን ሰፊ ሜዳ እየሰነጠቁ ሲወርዱ ለስላሳው ንጣፍ ቶሎ ይበላል፤ ጠንካራው ደግሞ ከሥሩ ሲቦረቦር በቀጥታ ይገመሳል። ገደሉ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሲሄድ በመጨረሻ አንድ ቁራሽ ሜዳ ብቻውን ከፍ ብሎ ይቀራል። አምባ ማለት ይኸው ነው። ደብረ ዳሞ ድንጋዩ ሌላ ቢሆንም የአሠራሩ መንገድ ያው ነው።

ስለዚህ የአምባው አናት የተቆረጠ ጫፍ አይደለም። የድሮው ሜዳ ቅሪት ነው። ተቆርጦ የሄደው በዙሪያው የነበረው አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የተሰዉበት የመቅደላ ምሽግ፣ ወንዞቹ ሳይወስዱት የተረፈ የአንድ ትልቅ ሜዳ ትንሽ ክፍል ነበር።

እንግዲህ እስካሁን ሁለት ዓይነት ጎራዳ አየን። አንዱ ሲወለድ ጎራዳ ነው፤ ሌላው ጎኑ ተበልቶ ጎራዳ የመሰለ ነው። አናቱን በጎርፍ የተቀማ ግን ገና አላገኘንም።

አናቱ የተቀማው

የአፈር ሳይንስ ባለሙያዎች ጉድጓድ ቆፍረው የአፈርን ንብርብር ሲያጠኑ፣ ከላይ የጠቆረውን፣ ብስባሽና ሥር የበዛበትን ክፍል ይፈልጋሉ። ከእሱ ሥር ቀላ ያለው፣ ጠንከር ያለው፣ ምግብነቱ ያነሰው ክፍል ይገኛል። ከዚያ በታች ድንጋይ ነው። አንዳንድ ማሳ ላይ ግን ቁፋሮው የሚጀምረው በቀጥታ ከቀዩ ነው። የላይኛው የለም። ባለሙያዎቹ ይህን “የተቆረጠ አፈር” ይሉታል። ቃሉ ለጎራዳ ሾጣጣ ከሚጠቀሙበት ቃል ጋር አንድ ነው። ትክክለኛው የጎርፍ ቁርጥ ይኸ ነው። የኮረብታው ቅርጽ እንዳለ ሆኖ ቆዳው ተገፏል።

መጠኑን እናስላው። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢነሣ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በክብደት ወደ 12 ቶን ገደማ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የአፈር መሸርሸርን ያጠኑት ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ባለሙያ ሃንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከየሄክታሩ እንደሚሸረሸር ገምተዋል። ይህ በዓመት ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ማንም ገበሬ በዓይኑ የሚያየው ነገር አይደለም። ነገር ግን ለም የሆነው የላይኛው አፈር 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በዚህ አካሄድ ከ43 ዓመት በኋላ አይኖርም። የአንድ ሰው የእርሻ ዘመን ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ የተሸረሸረው ሁሉ ዓባይ አይገባም፤ ከፊሉ ከታች ባለው ማሳ ላይ ይቀራል። ለላይኛው ማሳ ባለቤት ግን ልዩነት የለውም።

አሁን ያቺን ሁለተኛ ነጥብ አስታውሱ። ከሾጣጣው ከፍታ ሩቡ ሲቆረጥ የጠፋው 1/64ኛ ብቻ ነበር። በአፈር ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከኮረብታው ሙሉ አካል ጋር ሲነጻጸር 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ከቁጥር አይገባም። የኮረብታው ምርት ግን ያለው እዚያችው ውስጥ ነው። አንድ ቀያሽ መሣሪያውን ይዞ ቢመጣ ኮረብታው እንዳለ ነው ብሎ ይመዘግባል። ገበሬው ደግሞ ማሳው እንደጠፋ ያውቃል፤ ማረሻው ድንጋይ ይነካል፤ ማዳበሪያው የድሮውን ያህል አይሠራም፤ እህሉ ይቀጭጫል። በአዊ ደጋ ላይ የአፈሩ አሲዳማነት ሲጨመርበት ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ሕጉ ስለ ተዳፋት ምን አለ?

ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአንቀጽ 13 ተዳፋትን በመቶኛ ከፋፍሎ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲሆን ደነገገ። ከ30 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን ተሠርቶ ብቻ እንዲሆን ፈቀደ። ከዚያ በታች ያለውም ቢሆን የአፈር ጥበቃ ሥራ እንዲደረግበት አዘዘ። መሬቱ የተጎዳበት ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ እንደሚችልም አስቀምጦ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ጥያቄው ግን አብሮ አልተሻረም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። 60 በመቶ ማለት 60 ዲግሪ አይደለም። በ100 ሜትር አግድም 60 ሜትር የሚወጣ መሬት ተዳፋቱ 60 በመቶ ነው፤ በዲግሪ ሲለካ ግን 31 ዲግሪ ብቻ ነው። መቶ በመቶ ማለት እንኳ 45 ዲግሪ ነው። በመቶኛውን እንደ ዲግሪ የቆጠረ ሰው ገደል የሆነውን ሁሉ ይታረስ ብሎ ይፈርዳል።

ከላይ የኮረት ክምር የሚቆመው ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ላይ ነው ብለን ነበር። ሕጉ ያሰመረው መስመርና ኮረብታው ሲወለድ ያገኘው መቆሚያ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ያልተለሳለሰ ሾጣጣ ኮረብታ ጎኑ ያለው በሕጉ ድንበር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ልቅ ድንጋይ እንኳ አይቆምም፤ የታረሰ አፈር እንዴት ሊቆም ይችላል?

ታዲያ ተዳፋት ለምን ይታረሳል? ገበሬው ጉዳቱን ስለማያውቅ አይደለም። መሬት ለልጅና ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ሜዳው ያልቅና ጎኑ ይቀራል። ሕግ “አትረስ” ማለት ይችላል፤ “ምን ልብላ?” ለሚለው ግን በአንቀጽ አይመለስም።

አንዱ መልስ እርከን ነው። ጎርፍ ጉልበት የሚያገኘው ከተዳፋቱ ቀጥ ማለት ብቻ ሳይሆን ሳይቋረጥ ከሚወርድበት ርዝመትም ነው። ረጅሙን ተዳፋት በየተወሰነ ርቀት የቆረጠ ሰው ጉልበቱን ይቆርጠዋል። በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ አካባቢ በሚገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። እዚያ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተወረወረ የተሠራው “ፋኒያ ጁ” የተባለው እርከን፣ ደለል እየያዘ በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱን ወደ ደረጃ ለውጦታል። ይህ የሰው ልጅ የሚቆርጠው ጠቃሚ ቁርጥ ነው። ሆኖም ጉልበት ይጠይቃል፤ በየዓመቱ ካልተጠገነም ይናዳል።

የአዲስ ቅዳም ትምህርት

የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ያገኙት መልስ ከዚህ ይለያል። ዲከረንስ የሚባለውን፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣውን የግራር ዓይነት በማሳቸው ላይ መትከል ጀመሩ። አካሄዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል፤ ጤፉ ይታጨዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ይከስላል፤ ከሰሉ ወደ ከተሞች ይጫናል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። ዛፉ ናይትሮጂንን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያለብሳል። አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ያለው መሬት ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በሌላው አካባቢ ደን ሲመናመን በዚህ ወረዳ የዛፍ ሽፋን መጨመሩን የሳተላይት ምስሎችን ያነጻጸሩ ጥናቶች አሳይተዋል።

አዋጁ አንድ ተዳፋት ለዛፍ ይሁን ብሎ ነበር። ተዳፋቱን ዛፍ ያለበሰው ግን ከእርሻ ይልቅ ዛፉ የተሻለ መክፈሉ ነው። ሕግ አውጪ ሁሉ ከአዲስ ቅዳም ሊማረው የሚገባ ነገር ቢኖር ይኸ ነው።

ነገሩን ያለ ጉድለት አድርጎ ማቅረብ ግን አይገባም። ዛፉ ተቆርጦ ጤፍ በሚዘራበት ዓመት አፈሩ ራቁቱን ነው። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ የታረሰና የላመ መሬት ይፈልጋል፤ የሚዘራውም ክረምቱ በገባበት ወቅት ነው። ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ይህቺ አንዲት ክረምት አራት ዓመት የተጠበቀውን አፈር ልትወስድ ትችላለች። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንድ ሙሉ ወረዳ በአንድ የዛፍ ዝርያ ላይ መንጠልጠሉ ነው። በቅርብ ዓመታት በአዊ ዞን የዲከረንስ ዛፎችን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ገበሬውን አስደንግጧል። ዛፉ ቢጠፋ ተዳፋቱ ባዶ አይቀመጥም። ማረሻ ይመለስበታል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ። አንደኛ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የማሳውን ስፋትና አዋሳኝ እንደሚመዘግብ ሁሉ ተዳፋቱና የለም አፈሩ ጥልቀትም ይመዝገብ። ተዳፋት በገመድና በውኃ ልክ የሚለካ፣ አፈር በዶማ ተቆፍሮ በማስመሪያ የሚለካ ነገር ነው፤ ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም። ያልተለካ ነገር ሲጠፋ ክስ አይመሠረትበትም። ሁለተኛ፣ ዲከረንስ በተቆረጠበት ማሳ ላይ ቀጥ ያለው ክፍል ለጤፍ ሳይታረስ ወዲያው በዛፍ ወይም በሣር ይተካ፤ ለዚያ ዓመት ለሚቀረው ጤፍም ገበሬው ማካካሻ ያግኝ። ሦስተኛ፣ የግብርና ምርምሩ በሽታውን ከመከታተል ጎን ለጎን ለገበሬው ሁለትና ሦስት አማራጭ ዛፍ ያቅርብለት።

የኮረብታዎቹ ጎራዳ አናት ማንንም አልጎዳም፤ ሲፈጠሩም እንዲሁ ናቸው። አምባዎቹም ለማለቅ ሚሊዮን ዓመታት ይቀራቸዋል። በእኛ ዕድሜ ተጀምሮ በእኛ ዕድሜ የሚያልቀው የአፈሩ ቁርጥ ብቻ ነው። መልሶ ለመተካት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም።